ዴይሊሊዎቹን የገደላቸው ውርጩ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ዴይሊሊ የሚባለውን አበባ በግቢዋ ታለማለች። አምና መጥታ ሳለች ከአንድ አበባ ሻጭ ዘጠኝ ሥር ገዝተን አብረን ተከልን። ስትሄድ ‹ክረምት ከመግባቱ በፊት ጭድ አልብሻቸው› ስላለችኝ ሰኔ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ደለደልኩባቸው። መስከረም ላይ ስገልጠው ስድስቱ ጠፍተዋል። የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ውርጩ መታቸውና ቅጠላቸው የተቀቀለ ጎመን መሰለ። እህቴ ‹ኤቨርግሪን የሚሉት ዓይነት ይሆናል፤ እሱ ብርድ አይችልም። በነሐሴ ዶርማንት የሆነውን እልክልሻለሁ› አለችኝ። እውነት የብርድ ጉዳይ ነው? በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሽንኩርት የመሰለውን ሥሩን እየነቀልኩ ቤት ባስቀምጠውስ?»

ምላሽ፦ ስድስቱን ሥሮች የገደላቸው ብርድ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሱሉልታ ሰው የሚያንዘፈዝፍ ቅዝቃዜ ቢኖራትም ተክል የሚገድል ውርጭ የላትም፤ ደመናው ሌሊት ሌሊት የመሬቱን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዘው ቅዝቃዜው ውርጭ እስከ መጣል አይደርስም። የገደላቸው ውኃ ነው፤ ውኃውን አንገታቸው ላይ፣ ማለትም ቅጠሉና ሥሩ በሚጋጠሙበት ላይ፣ ያቆየባቸው ደግሞ ያለበሷቸው ጭድ ነው። የቀሩት ሦስቱ ቅጠላቸው በውርጭ መቃጠሉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ተቃጠለ ማለት ተክሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ እንዴት እንደሚለዩት ከታች አመለክታለሁ። አስቀድሞ ግን ሁለታችሁን ያሳሳታችሁን ቃል ማንሳት ይገባኛል።

እህትዎ «ክረምት» ሲሉ በልባቸው ያለው ሚኒሶታ ላይ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው፣ መሬቱ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ በረዶ ሆኖ የሚረጋበት ወቅት ነው። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወራት ነው። የእሳቸው ክረምት የእኛ መፀውና በጋ ነው። ስለዚህ «ክረምት ከመግባቱ በፊት አልብሺ» የሚለው ምክር በእሳቸው ግቢ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በእርስዎ ግቢ በዓመቱ ውስጥ ጭድ መነሣት ባለበት ሰዓት ጭድ እንዲጭኑ አደረገዎት። «በረዶ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ቅጠል የሚበሳ፣ አበባ የሚያራግፍ ጥፋት ነው። በእነሱ ዘንድ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ተደላድሎ ወራት የሚቆየው በረዶ ለተክሉ እንደ ጋቢ ነው፤ ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ከሥሩ ያለው አፈር ከዚያ እጅግ ያነሰ ቅዝቃዜ ብቻ ያገኘዋል። ከውጭ አገር የተጻፈ ወይም የተነገረ የአትክልት ምክር ሲደርስዎ የወቅቱን ስም ትተው በዚያ ወቅት ምን እንደሚሆን ይጠይቁ፤ ዝናብ ነው፣ ድርቀት ነው፣ ወይስ የመሬት መርጋት?

ዴይሊሊ ስሙ ቢያመሳስለውም እውነተኛ ሊሊ አይደለም፤ እንደ ሽንኩርት የተድበለበለ ሥር የለውም። ሄመሮካሊስ የሚባለው ሳይንሳዊ ስሙ «የአንድ ቀን ውበት» ማለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አበባ ጠዋት ፈክቶ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ምሽት ስለሚጠወልግ የተሰጠው ነው፤ በአንድ የአበባ ዘንግ ላይ ብዙ እንቡጦች ተራ በተራ ስለሚፈነዱ ግን ተክሉ ለሳምንታት ያብባል። የመጣው ከቻይና፣ ከጃፓንና ከኮሪያ ነው። የዕፅዋት አመዳደብ ባለሙያዎች ዛሬ የሚያኖሩት ከእኛው እሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ዝምድናውን ማወቅ ለእርሻውም ይጠቅማል፤ ሁለቱም ውኃ የቋጠረ ሥፍራ አይወዱም። አንድ ጤነኛ ዴይሊሊ ከአፈር አውጥተው ቢያጥቡት ከታች ወፋፍራም፣ አንዳንዶቹ እንደ ትንንሽ ድንች ያበጡ ሥሮች ያያሉ። ከላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቅጠሎች አሉ። በሁለቱ መካከል ነጭ፣ ጠጣር፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው መጋጠሚያ ይገኛል። አንገት የምንለው ይህንን ነው። አዲስ ቅጠልም አዲስ ሥርም የሚወጣው ከዚህ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢቃጠል ወይም ግማሹ ሥር ቢቆረጥ እንኳ አንገቱ ደኅና ከሆነ ተክሉ ይነሣል፤ አንገቱ ከበሰበሰ ግን ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ኤቨርግሪን እና ዶርማንት እንምጣ። አርቢዎች ዴይሊሊን በቅጠሉ ጠባይ በሦስት ይከፍሉታል። ተኚ ወይም ዶርማንት የሚባለው ብርዱ ሲቃረብ ቅጠሉን ጥሎ በአንገቱ ላይ የተዘጋ እንቡጥ ይሠራና ያንቀላፋል። ዘወትር ለምለም ወይም ኤቨርግሪን የሚባለው እንዲህ ያለ የመኝታ እንቡጥ አይሠራም፤ የአየሩ ሁኔታ እስከፈቀደለት ድረስ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። ከፊል ለምለም የሚሉት ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ፣ እንደ ሥፍራው ጠባዩን የሚለዋውጥ ነው። ይህ ሁሉ የሚነግረን ተክሉ በብርድ ወቅት ቅጠሉን ምን እንደሚያደርገው ነው። ብርድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን አይነግረንም፤ የእህትዎ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ለዓመታት ዴይሊሊ ያለሙ ሰዎችም የሚሳሳቱት በዚሁ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ብርድ የማይችል ዶርማንት አለ፤ ብርድ የሚችል ኤቨርግሪንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመዘገበውና ወደ ነጭ የሚያደላ አበባ ያለው «ጆአን ሲኒየር» ኤቨርግሪን ሆኖ ሳለ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሥፍራዎች በደኅና የሚኖር ዓይነት ነው። እዚያ ቅጠሉን ውርጭ ያረግፈዋል፤ በጸደይ ከአንገቱ እንደገና ይበቅላል።

ታዲያ ኤቨርግሪን ሁሉ ብርድ አይችልም የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ካደገበት ሥፍራ ነው። ለምለምነቱ በከፊል የተወረሰው ሄመሮካሊስ አውራንቲያካ ከሚባለው፣ ቅጠሉን ከማይጥለው ዝርያ ነው። በኋላ ፍሎሪዳን በመሰሉ ሞቃት ሥፍራዎች የሚያዳቅሉ ሰዎች፣ በግቢያቸው ዓመቱን ሙሉ የሚያምረውን እየመረጡ ኤቨርግሪኖቹን አበዙ። በፍሎሪዳ ተወልዶ፣ በፍሎሪዳ ተመርጦ፣ አንድም ቀን የረጋ መሬት ሳይፈትነው የተሸጠ ዓይነት ሚኒሶታ ሲደርስ መሞቱ አይገርምም፤ ሰውም ጥፋቱን ከቅጠሉ ጠባይ ጋር አያያዘው። የገደለው ግን ያልተፈተነ መሆኑ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፤ ዓይነቶቹ በአሜሪካ ዴይሊሊ ማኅበር መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ የቅጠሉን ጠባይ የሚሞላው አዳቃዩ ራሱ፣ በራሱ ግቢ ያየውን ተከትሎ ነው። ስለዚህ አንድ ሥፍራ ኤቨርግሪን ተብሎ የተመዘገበ ሌላ ሥፍራ ከፊል ለምለም ሆኖ ቢታይ መዝገቡ ዋሽቷል አይባልም።

በሚኒሶታ ኤቨርግሪንን በእውነት የሚጎዳው ምን እንደሆነ ብናውቅ፣ ከዚያ ውስጥ ሱሉልታ ላይ የትኛው እንዳለ መመርመር እንችላለን። እዚያ አንገቱ ራሱ ይረጋል። ከዚያም በጸደይ መባቻ መሬቱ ቀን እየቀለጠ ሌሊት መልሶ ሲረጋ አፈሩ እያበጠና እየሟሸሸ ሥሩን ያነሣዋል፤ የቀለጠው ውኃም ከታች ያለው መሬት ገና በረዶ ስለሆነ መውረጃ አጥቶ አንገቱ ላይ ይቋጠራል። በዚህ መሐል ሁለት ሦስት ሞቃት ቀናት ቢመጡ፣ ያልተኛው ኤቨርግሪን ወዲያው ቅጠል ማውጣት ይጀምርና የሚመለሰው ብርድ ለጋውን ልብ ይመታዋል። ዶርማንቱ ግን ተኝቶ ያሳልፈዋል። በረዶው በደንብ ባልሸፈነበት ዓመት ጉዳቱ ይከፋል። እህትዎ ጭድ የሚያለብሱት ለዚህ ነው፤ ተክሉን ለማሞቅ ሳይሆን የረጋው መሬት እንደረጋ እንዲቆይ ነው፤ የሚያለብሱትም መሬቱ ከረጋ በኋላ መሆን አለበት።

ሱሉልታ ላይ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ተዳፋት እንደ ውኃ እየተንሸራተተ ይወርድና ዝቅ ባለው ሥፍራ ይቋጠራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይጋገራል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ውርጩ የለም፤ እኩለ ቀን ሲሆን 20 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ሰው ጥላ ይፈልጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ቅዝቃዜው የሚያገኘው ከመሬት በላይ ያለውን ቅጠል ነው። አራት ጣት ያህል ከአፈር በታች እጅዎን ቢሰዱ በብርድ የረጋ አፈር አያገኙም። አንገቱ በአፈር ውስጥ ስላለ አይነካም። ስለዚህ ከብርድ አንጻር ብቻ ከታየ ሱሉልታ ለኤቨርግሪን ዴይሊሊ ቀዝቃዛ አገር አይደለችም፤ ውርጭ ያለባት ለስላሳ አገር ናት።

ችግርዎ ያለው ከእግርዎ በታች ነው። ግቢዎ ሜዳው ላይ ከሆነ አፈርዎ መረሬ፣ በአካባቢው አጠራር ኮትቻ፣ ሳይሆን አይቀርም። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይዘጋል፤ ውኃው መውረጃ፣ ሥሩ መተንፈሻ ያጣል። በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ዴይሊሊ ለመረሬ አፈር ጠላት አይደለም፤ ለም ስለሆነ እንዲያውም ይወፍርበታል። አንገቱ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንዲከርም ግን አይችልም። ባለፈው ሰኔ የሆነውን እንዲህ አስባለሁ፤ የተከላችሁት ደልዳላ መሬት ላይ፣ ምናልባትም ውኃ ይይዛል ተብሎ ጎድጎድ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጭዱ ርሶ ረግቶ አየር ከለከለ። የበሰበሰው ጭድ ከለምለሙ ቅጠል ጋር ተጣበቀ፤ ዶርማንት ቢሆንም ኖሮ በዚህ ወቅት የሚያድግ እንጂ የሚተኛ አይደለምና እኩል ይሞት ነበር። በአንገት መበስበስ የተያዘ ዴይሊሊ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ከመሐል ጀምረው ቢጫ ይሆናሉ፣ ከዚያ የመሐሉን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ተመዝዞ ይወጣል፤ ጫፉ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ሆኖ እንደ ከረመ ሽንኩርት ይሸታል። መስከረም ላይ ሲገልጡት ያዩት ይህንን ከሆነ ጥርጣሬ አይግባዎ።

መፍትሔው ከአፈር ከፍ ማለት ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ያለው ገበሬ ይህንኑ ጥቁር አፈር በእጁ እየቆለለ ሰፊ መደብ ሲሠራና በመደቦቹ መካከል ውኃውን በቦይ ሲያወጣ ኖሯል፤ ለአበባ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መደቡ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፤ ቦዩም መጨረሻው ከግቢ የሚወጣ ይሁን፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ከመረሬው ጋር በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ በብዛት ያዋሕዱ፤ ከቻሉ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ይጨምሩ። ጥቂት አሸዋ ብቻ ጨምሮ መረሬን አላላለሁ ማለት ግን ጡብ መሥራት ነው፤ አያድርጉት። ያልበሰበሰ እበትም አንገቱን ስለሚያቃጥል አይቅረበው። ሥፍራው ውኃ ማስረጉን ማረጋገጥ ከፈለጉ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ይቆፍሩና በውኃ ይሙሉት፤ በማግስቱ ውኃው ካለ እዚያ ላይ ያለ መደብ ምንም አይትከሉ። ሲተክሉ በጉድጓዱ መሐል ትንሽ የአፈር ቁልል ሠርተው ሥሮቹን በዙሪያው እንደ ቀሚስ ይዘርጓቸው፤ አንገቱ ከአፈሩ በታች ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ አይቀበር። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፣ አየር ይግባበት። ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል።

ስለ ጉዝጓዝ ያለኝ ምክር ከእህትዎ ምክር ተቃራኒ ነው። ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በመደቡ ላይ ያለውን ጭድ ሁሉ ያንሡ። የሚጎዘጉዙት ዝናቡ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዓላማውም መረሬው በበጋ እንዳይሰነጠቅና እርጥበቱ እንዳያልቅ ነው። ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከአንገቱም አራት ጣት ይራቅ። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ጭድ አፈሩን ያሞቅ ይሆናል፣ ቅጠሉን ግን አያሞቅም። ሌሊት ቅጠሉን ከውርጭ የሚታደገው ከአፈሩ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ነው፤ ወፍራም ጭድ ይህንን ያግደዋል። ስለዚህ ውርጭ የሚበዛበት ግቢ ጉዝጓዙ ስስ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚሻለው ውርጭ ይመጣል ብለው በጠረጠሩበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መደቡን ማጠጣት ነው፤ የረጠበ አፈር ከደረቀው ይልቅ የቀኑን ሙቀት አብዝቶ ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል።

ቅጠሉን ከውርጭ መከላከል ከፈለጉ ሲመሽ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ በችካል ላይ ዘርግተው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያንሡት። ላስቲክ ከቅጠል ጋር ከተነካካ የተነካው ቅጠል ከነጭራሹ ይቃጠላል፤ ቀን ላይ ሳይነሣ ከቆየም ያፍነዋል። ይህንን ሁሉ የሚያደርጉት ግን የአበባ ዘንግ ከወጣ ብቻ ነው እላለሁ፤ ዘንጉን ውርጭ ካገኘው የዚያ ዙር አበባ ይጠፋል። ዘንግ በሌለበት ጊዜ ለቅጠል ሲሉ በየሌሊቱ መልፋት አያስፈልግም፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው ይተካዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ዩሪያ አይስጡት፤ ለጋ ቅጠል ያበዛና ለውርጭ ቀለብ ያዘጋጃል። ለአዲስ መትከያም ግድግዳ ወይም ድፍን አጥር ከታች የሚዘጋውን የግቢውን ዝቅተኛ ጥግ ይተዉት፤ የሚንሸራተተው ቀዝቃዛ አየር የሚቋጠረው እዚያ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍ ያለው መደብ ቅጠሉ ለምልሞ፣ የታችኛው ነጥቶ ያየሁባቸው ጥቂት አይደሉም።

ኅዳር ላይ ነቅሎ ቤት ማስቀመጥን በተመለከተ፣ አያድርጉት። ደረቅ ሆኖ የሚቀመጥ ሽንኩርት የለውም። ሥጋማ ሥሩ ለጥቂት ሳምንታት መንገድ ይችላል፤ በየዓመቱ ለሦስት ወር መድረቅ ግን ያኮሰምነዋል፤ በተነቀለ ቁጥርም ሥር ለመትከል የሚያወጣውን ጉልበት ከአበባው ይቀንሳል። መነቀል ያለበት ሲጨናነቅ ነው፤ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ተነቅሎ፣ ተከፋፍሎ፣ እንደገና ይተከላል።

ዶርማንቱ ይሻላል ወይ ለሚለው መልሴ፣ ለሱሉልታ አይሻልም ነው። ተኚ ዓይነቶች የሚያንቀላፉት ቀኑ እያጠረና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው። ሚኒሶታ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከስድስት ሰዓት ይበልጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ያሞቀዋል። ሁሉም ዶርማንት ጠንካራ ብርድ ካላገኘ አይኖርም ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ በለስላሳ አገርም ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ግን በቂ እረፍት ካላገኙ ከዓመት ዓመት እየመነመኑ፣ ቅጠል እያነሳቸው፣ አበባ እያቆሙ ይሄዳሉ፤ የትኛው እንደዚያ እንደሚሆን ደግሞ ከስሙ አይታወቅም። ስለዚህ እህትዎ ከሚልኩት ውስጥ አብዛኛው ኤቨርግሪንና ከፊል ለምለም ይሁን፤ በከፊል ለምለሞቹ መካከል «ኦልዌይስ አፍተርኑን»ን ይጠይቁ። በተጨማሪ አንድ ዶርማንት ለሙከራ ይቀበሉ። ከሚኒሶታ ሰው ግቢ ሊገኝ የሚቀለው እ.ኤ.አ. በ1975 የተመዘገበው ቢጫው «ስቴላ ዲ ኦሮ» ነው፤ እሱም ዶርማንት ነው። እህትዎ ኤቨርግሪን የለኝም ካሉ፣ በእሳቸው ግቢ ዓመታት የኖረ ማንኛውም ዴይሊሊ ለብርድ ተፈትኖ ያለፈ ነውና ለሱሉልታ ውርጭ አያንስም፤ ጥያቄው እረፍቱን ያገኝ ይሆን ወይ የሚለው ብቻ ነው።

በነሐሴ መላካቸውን ግን አልስማማበትም። በነሐሴ የተላከ እርቃን ሥር ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ዓመቱ ውስጥ ካሉት ወራት ሁሉ ውኃ በበዛበት ጊዜ መረሬ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነቅለው አፈሩን በደንብ አጥበው፣ ቅጠሉን ጥቂት ጣቶች አስቀርተው ቆርጠው ይላኩ። ሲደርስዎ ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ከሥር በተበሳ ባልዲ፣ ልል በሆነ አፈር ተክለው በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ውርጭ በማያገኝበት ጥግ ያቆዩት። ውርጩ ሲያልፍ፣ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ፣ ወደ መደቡ ያውጡት። ከዚያ እስከ ሰኔ ያለው ከሦስት ወር በላይ ጊዜ ሥር ሰድዶ ክረምቱን ቆሞ እንዲቀበል ያደርገዋል። በነዚህ ደረቅ ወራት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 25 ሊትር ውኃ ይስጡት፤ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣት ይሻላል።

ሥሩ በሻንጣ ተደብቆ እንዳይመጣ አደራ እላለሁ። ማንኛውም ለመትከያ የሚገባ ተክል ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ እና ከሚመጣበት አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ዴይሊሊ የራሱ ዋግ አለው፤ በስንዴያችን ላይ ከሚወጣው ዋግ ጋር አንድ ወገን፣ ፑቺኒያ የሚባል ፈንገስ ነው፣ ዝርያው ግን ሌላ ስለሆነ ወደ ስንዴ አይሻገርም። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በቅጠሉ ጀርባ ላይ በጣት ሲያብሱት ብርቱካናማ ዱቄት የሚተው ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሚኒሶታ ላይ ብርዱ ቅጠሉን ሁሉ ሲገድለው ዋጉም አብሮ ይሞታል። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ቅጠል በሚኖርበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን አንዴ ከገባ የሚያቆመው ብርድ የለም። ኤቨርግሪን በምመክርበት ጊዜ ይህ ጉድለቱ መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ታጥቦና ተመርምሮ የመጣ ሥር አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ቤትዎ ድመት ካለ ደግሞ ይህንን ይወቁ፤ ዴይሊሊ በሁሉም ክፍሉ ለድመት መርዝ ነው፣ ኩላሊቷን ያጠፋል፣ ጥቂት ቅጠል ማኘክ ወይም የአበባውን ዱቄት ከጠጉሯ ላይ መላስ ይበቃል። እንዲህ ካዩ ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ስለ ሦስቱ ቀሪዎች፣ በዚህ በጥር ወር የተቃጠለውን ቅጠል ገና አይቁረጡት፤ ደርቆ የወደቀው ቅጠል በአንገቱ ላይ ትንሽ መጋረጃ ነው። ለስልሶ የሚያንጠባጥበውን ብቻ ያንሡ። ከዚያ አፈሩን በጣትዎ ገፋ አድርገው አንገቱን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። እንደ ጥሬ ካሮት ጠጥሮ ከመለሰልዎ ሕያው ነው፤ ጣትዎ ከሰመጠ ሞቷል። ሕያው የሆኑትን የካቲት አጋማሽ ላይ ዙሪያቸውን በአካፋ ሰፋ አድርገው ያንሡ፣ ይጠቡ፤ የጠቆረና የለሰለሰ ሥር ካለ በንጹሕ ቢላ ነጭ እስኪያገኙ ይቁረጡ፤ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ሥር ያሳድሯቸው። ቅጠላቸውን አንድ ስንዝር ላይ አስተካክለው በአዲሱ መደብ ይትከሏቸው። ስድስቱ በሞቱበት ጉድጓድ ዴይሊሊ አይመልሱ፤ የቀረውን የበሰበሰ ሥርና ጭድ ለቅመው ያስወግዱ፣ ጉድጓዱንም ሞልተው ከቦዩ ጋር ያገናኙት። በመጋቢት ከመሐል ቀጥ ያለ፣ ደማቅ አረንጓዴ ቅጠል ካዩ ተክሉ ሥር ይዟል፤ የመጀመሪያው የአበባ ዘንግ በዚያው ዓመት ባይመጣ አይደንግጡ፤ የተነቀለና የተቆረጠ ዴይሊሊ አንድ ዓመት ለሥሩ ይሠራል።